ዐሥር ዓመት የሚለያያቸው ሁለት ሞተሮች

መስከረም 12፣ ጠዋት 1፡20

የክትባት ክፍሉ ገና አልተከፈተም። ቁልፍ ያዡ አልመጣም። እናቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ልጆቹ መርፌ ሳያዩ ማልቀስ ጀምረዋል። እኔ ያለፈው ዓመት መዝገብ ጀርባ ላይ ሠንጠረዥ አሰምራለሁ። በግራ 2001። በቀኝ 2011። በፈረንጅ አቆጣጠር። የሞተሮቹ ሊብሬ ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነው።

ሁለቱም አንድ ዓይነት ሞተር ናቸው፣ ደብተሬ። ያው ፋብሪካ፣ ያው ስም። ለረጅም መንገድ የተሠሩ። ሰፊ ታንከር፣ የሁለት ሰው መቀመጫ፣ በግራና በቀኝ የሻንጣ ማሰሪያ። ፈረንጆች አፍሪካን ሲያቋርጡባቸው ቆይተው፣ ጉልበት ሲያልቅባቸው እዚህ ሸጠዋቸው የሄዱ። የ2001ዷ እዚሁ ላሊበላ፣ ጋሽ ይመር ግቢ ናት። የ2011ዷ ጋሸና፣ እህል ነጋዴው እንድሪስ ዘንድ። መካከላቸው ዐሥር ዓመት።

2001፦ ካርቦራቶር። ብዙ አገር ያየች። ዝቅ ያለች።
2011፦ ቤንዚኗን በኮምፒውተር የምትመጥን። ጥቂት የተነዳች። ፍሬን ሲያዝ የማትንሸራተት። ከፍ ያለች።

ሠንጠረዡ ግልጽ ነው። እኔ አይደለሁም።

ቁልፍ ያዡ መጣ።

መስከረም 15፣ ከምሳ በኋላ

ለሰው ሁሉ የምናገረውን ለአንቺም ልጻፍልሽ። ሞተሩ ለአባባ ነው።

አባባ መሪጌታ ናቸው። ከተማው የኔታ ይላቸዋል። በልጅነታቸው ይምርሐነ ክርስቶስ ሰባት ዓመት ዜማ ተምረዋል። ከዚያ ወዲህ ጥቅምት 19፣ የይምርሐነን በዓል፣ እዚያው ዋሻው ውስጥ ማኅሌት ሳይቆሙ ያለፉበት ዓመት አልነበረም። ካቻምና ሲመለሱ በቅሎ ጣለቻቸው። ዳሌ። አምና ቀሩ። አምና በዓሉ ዕለት ወንበራቸውን ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋሻው አዙረው ቀኑን ሙሉ ተቀመጡ። ምሳ አልበሉም። ጾም አልነበረም።

የቱሪስት መኪና መከራየት አቅማችን አይደለም። ያንን ኮረኮንች ባጃጅ አይወጣውም። አይሱዙ ላይ ቆሞ መሄድ ደግሞ ዳሌያቸው አይችልም። ኮርቻ ላይ መቀመጥ ግን ይችላሉ፤ ሐኪሙም ፈቅዷል። እንግዲህ ኮርቻ ያለው፣ የማይደናበር ነገር መግዛት አለብኝ። ስድስት ዓመት የጤ/ጣቢያውን ትንሽ ሞተር ከቀበሌ ቀበሌ ነድቻለሁ። እጄ ያውቃል።

ለሰው የማልናገረው ይኸውልሽ። እናቴ ካረፈች ስምንት ዓመት ሆነ። ከደሴ ተዛውሬ መጣሁ፣ አባባን ልጠብቅ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ሞያሌ መሄድ እፈልጋለሁ። ሞያሌ ማንም የለኝም። አገሩ የሚያልቅበት ቦታ ስለሆነ ብቻ፣ እስኪያልቅ መንዳት። ሞተር ሲባል መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው የአባባ ዳሌ አይደለም። የአስፋልቱ ነጭ መስመር ነው።

ጻፍኩት።

መስከረም 17፣ መስቀል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

2001ን ሞከርኳት።

ጋሽ ይመር ትንሽ ሆቴል አላቸው። ሞተሯ ከኋላ ግቢ ሸራ ለብሳ ቆማለች። አንድ ፈረንጅ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ አፋር በረሃ ሁለት ወር ከርሞ መጣባት። ከዚያ ትቷት በአውሮፕላን ሄደ። ጋሽ ይመር ቀረጡን ከፈሉ፣ ሊብሬ አወጡላት፣ ከዚያ ፈሯት። አንዴ ነድተዋታል። እስከ የት ብዬ ጠየቅኩ። እስከ አጥሩ አሉኝ። አጥሩን አሳዩኝ።

ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ይዣት ወጣሁ። ሜዳው ላይ ደህና። ዳገቱ ሲጀምር ሳለች። ሌላ ቃል የለኝም፣ ሳል ነው። ጥቁር ጭስ። ቤንዚን ስሰጣት ባሰባት። ግማሽ ዳገት ላይ ጠፋች። በበዓል ቀን፣ በነጭ ቀሚስ፣ እየገፋሁ ተመለስኩ። ባጃጅ ነጂዎቹ ተሰልፈው ጠበቁኝ።

«ሲስተር፣ ግሉኮስ ይተከልላት!»

«አልጋ ያዢላት፣ ሲስተር!»

ሳቅኩ። ነርስ ሆኖ መቀየም አይቻልም። ቤት ገብቼ ሠንጠረዡ ላይ እንደ በሽተኛ መዘገብኳት። ዕድሜ የገፋ። ሳል። ዳገት አትችልም። ተስፋ የላትም።

ከዚያ ቅልል አለኝ። ከባድ ነገር የወረደልኝ ያህል። ለምን?

መስከረም 22፣ ጋሸና፣ ቀትር

ሚኒባስ እስኪሞላ። ቶሎ ቶሎ ልጻፍ።

2011ን ነዳሁ። ነዳሁ ደብተሬ! እንድሪስ ቁልፉን ሰጠኝ፤ መታወቂያም አልጠየቀኝም። ሲስተር ብሎ የጠራኝ ሰው ሁሉ እንዳመነኝ ነው። በአስፋልቱ ወደ ኮን አቅጣጫ ወጣሁ። ግራና ቀኝ ገብስ፣ ከገብሱ ማዶ ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ሌላ አገር። ብርዱ በእጅጌዬ ገባ። ሞተሯ ድምፅ አታወጣም፤ ታንጎራጉራለች። ዳገቱን ዳገት መሆኑን ሳታሳውቀኝ ወጣችው። ቤንዚኗን ኮምፒውተሯ ይመጥናል፤ እኔ ማሰብ አይጠበቅብኝም። አንድ ጭነት መኪና ቀደምኩ። ሁለት። ጮኽኩ። ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላውቅም። ቃል አልነበረም።

ሃያ ደቂቃ። ሃያውንም ደቂቃ አባባን አላስታወስኩም።

ስመለስ እንድሪስ ፊቴን አይቶ ማሻአላህ አለ። ዋጋ አላነሣም፤ ፊቴ ጨርሶለት ነበር። አባቴን ይዤ እመጣለሁ አልኩት፣ ተቀምጠው ይዩአት። መቀመጣቸው ለወጉ ነው ብዬ አሰብኩ። ለወጉ።

ሞላ። ልሂድ።

መስከረም 28፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

አባባን ጋሸና ወሰድኳቸው።

የምጽፈው በቅደም ተከተል ነው፣ አለዚያ አልጽፈውም።

ጋቢና ተቀምጠው ሄዱ። አዲስ ጥምጣም ጠምጥመዋል፣ እንደ በዓል። እንድሪስ ከሱቁ ወጥቶ እጅ ነሣ፤ ወንበር አወጣ፤ አምቦ ውኃ ከፈተላቸው። አባባ ግን አልተቀመጡም። መቋሚያቸውን ይዘው ሞተሯን ዞሯት። ጎንበስ ብለው በፊት ለፊት አዩአት። በቅሎ እንደሚገዛ ሰው።

«ጥርሷ የታለ?» አሉ።

«የዚችስ ጥርስ ሊብሬው ላይ ነው የኔታ» አለ እንድሪስ።

ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ሳቀ። አባባም ደስ አላቸው። እኔም። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ቀን ነበር።

እግራቸውን አነሡ። ጉልበታቸው መቀመጫው ሥር ቀረ። እንደገና። አሁንም ሥር። መቀመጫው ከወገባቸው በላይ ነው፤ እንዴት አላየሁትም? ሃያ ደቂቃ ተቀምጬበታለሁ። «ግመል ናት እኮ፣ ተንበርከኪ በላት!» አሉት እንድሪስን። ግመልስ ትሰማ ነበር አለ እሱ። ሰው አሁንም ሳቀ፣ ቀስ ብሎ። እንድሪስ የለስላሳ ሳጥን አመጣ፤ በሳጥኑ ላይ ቆመው፣ እኔና እሱ በግራና ቀኝ ይዘናቸው፣ በሦስተኛው ሙከራ ወጡ። ተቀመጡ። ለትንሽ ጊዜ ቀጥ ብለው ገበያውን ከላይ አዩት።

ሲወርዱ እግራቸው ተያዘ። እንድሪስ ደረት ላይ ወደቁ። ጥምጣሙ ተፈታ፣ ጫፉ አቧራ ላይ ተዘረጋ።

ማንም አልሳቀም። ያ ነው የከበደኝ። እንድሪስ ወደ ሰዉ ዞሮ «ምን ታያላችሁ? ገበያ የላችሁም?» አለ፤ በተነው። አባባ ግድግዳ ይዘው ጥምጣሙን እንደገና ጠመጠሙ። ዙር በዙር። የፈጀው ጊዜ ርዝመቱ።

የሁለት ሰዓት መንገድ ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። ዘንድሮ ገብሱ ጥሩ ነው አሉ።

መስከረም 29

ተናድጃለሁ። በማን? በዳሌ? በዳሌ አይናደዱም።

መስከረም 30፣ የምሳ ሰዓት

ለባጃጅ መካኒኩ ለሞላ ስልክ ደወልኩለት። የ2011ን መቀመጫ ዝቅ ማድረግ ይቻላል ወይ? ይቻላል አለ፤ ሞላ ዘንድ የማይቻል የለም። አሞርዛተሮቿ ተለውጠው፣ መቆሚያዋ አጥሮ፣ ዕቃው ከአ.አ. ታዝዞ። ስንት ቀን? እሱማ ዕቃው አ.አ. ካለ ነው አለኝ። ከሌለ? ከሌለማ ፈረንጅ አገር ነው። ጥቅምት 19 የሚባል ቀን አላውቅም አለኝ።

2011ን ብገዛ እኔ ሞያሌ። አባባ ወንበራቸው፣ ወደ ሰሜን።
2001ን ብገዛ ማንም የትም።

ይህ ነው ሠንጠረዡ። በሁለቱ መካከል ያለው ዐሥር ዓመት ይህ ነበር።

ጥቅምት 2፣ ከቀኑ 9፡30

ደብተሬ። ደብተሬ።

ከሥራ ስወጣ በሞላ ጋራዥ አለፍኩ። ባጃጅ ሥር ተኝቷል፤ እግሩ ብቻ ይታያል። የጋሽ ይመርን ሞተር ምን ነክቷት ተውሻት ሲል ጠየቀኝ፣ ከሥር። ምልክቱን ነገርኩት። ሜዳ ላይ ደህና፣ ዳገት ላይ ሳል፣ ጥቁር ጭስ፣ ቤንዚን ሲጨመር የሚብስ። እንደ ዶክተር አቀረብኩለት። ከዚያ እግሩ መሳቅ ጀመረ። እውነቴን ነው፣ እግሩ ነው የሳቀው።

ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ መጨረሻ የነዳት ሰው ከየት ነው የመጣው አለኝ። ከጅቡቲ፣ በአፋር።

«በይ እንግዲህ ሲስተር። ይቺ የቆላ ሰው ናት። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ በዚያ ልክ እንድትበላ ነው የተስተካከለችው። እዚህ አየሩ የለም፣ እሷ ግን ያንኑ ያህል ትበላለች። ታንቃ እኮ ነው! አላረጀችም!»

ቆሜ ቀረሁ።

አሸተን ማርያም ተራራ ወጥቶ ያለከለከ፣ ልቤ ቆመ ያለ ፈረንጅ ስንት ጊዜ ይዘውልኝ መጥተዋል? ስንት ጊዜ ደረቱን አዳምጬ፣ ምንም አይደለም፣ ከፍታው ነው፣ ትንሽ ይቀመጥ ብዬ አረጋግቻለሁ? እዚህ የተወለድን ሰዎች አየራችን ቀጭን መሆኑን እንረሳለን። ለእኛ አየር ማለት ይህ ነው። የሚያለከልከው ሁሉ በሽተኛ ይመስለናል፤ ወይም እንስቅበታለን። እኔ ደግሞ በሕይወት ያለችውን ሙት ብዬ መዘገብኩ።

በዚህ ስህተት ማዘን ነበረብኝ። መንገድ ላይ እየሳቅኩ ሄድኩ። ሰው ዞሮ አየኝ።

ጥቅምት 4፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ቅዳሜ። ሞላ ዕቃውን በፌስታል ይዞ ጋሽ ይመር ግቢ መጣ። የአየር ማጣሪያዋን አወጣ፤ የአፋር አቧራ እንደ ዱቄት ተደፋ። ካርቦራቶሯ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥኑ ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች አሉ። አሳየኝ። ከምወጋበት መርፌ ትንሽ ይወፍራሉ። አንድ አንድ እርከን ዝቅ አደረጋቸው። አለቀ። ሌላ ምንም። ጋሽ ይመር ይኸው ነው? ይኸው ነው? እያሉ ይዞራሉ፤ ዋጋውን አስቀድመው ስለነገሩኝ አሁን መጨመር አይችሉም፤ ሞላ ሳቀባቸው።

ያንኑ ዳገት።

መጀመሪያው ላይ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ወጥቶ ነበር፤ ሳሉን እጠብቃለሁ። አልሳለችም። መካከሉ ላይ፣ ባለፈው የጠፋችበት ድንጋይ ጋ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። እሷ አልያዘችም። ወጣች። እንደ 2011 አይደለችም፤ ዳገቱን ታሳውቃለች፣ ትሠራለች፣ ድምፅዋ ይወፍራል። ግን ወጣች! አናቱ ላይ አጥፍቼ ወረድኩ። ከሥር ላሊበላ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ ፀሐይ ላይ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ሞተሯ አጠገብ። ትኩስ ብረት ሲቀዘቅዝ ጣ፣ ጣ ይላል። ለረጅም ጊዜ አዳመጥኩት።

ከቀኑ 8 ሰዓት

አባባን ጠራኋቸው። ማንም እንዳይኖር ጋሽ ይመርን ለመንኳቸው፤ በሩን ዘጉ። አባባ አልዞሯትም። ጥርስ አልጠየቁም። በግራ በኩል ቆሙ፣ መቀመጫውን በእጃቸው ነኩ፣ ቀና ብለው አላዩኝም። እግራቸውን አነሡ።

አለፈ።

አንድ ጊዜ! ተቀመጡ። እግራቸው መርገጫው ላይ። እንደ ሰው። ይቺ ሰው ታከብራለች አሉ። ዞር ብዬ የሌለ ነገር ከዓይኔ አወጣሁ።

ጥቅምት 5፣ ከሰዓት በኋላ

እንድሪስ ደወለ። ለ2011 ሌላ ገዢ ከወልድያ መጥቷል፤ ግን ቅድሚያው የአንቺ ነው፣ እስከ ማታ ወስኚ።

ሞላ አስቀድሞ ነግሮኛል። 2001 ታደርስሻለች፣ ግን እንደዚያችኛዋ አትበሪም። መኪና ስትቀድሚ ሁለት ጊዜ አስቢ። ረጅም መንገድ ላይ በየማታው ትንሽ ትነኪያታለሽ፣ እንደ ሕፃን። የ2011 ባለቤት ግን ቁልፍ አዙሮ ይሄዳል።

አሰብኩ። ማሰብ አልነበረም፣ ደብተሬ፤ ኮን መንገድ ላይ የጮኽኩትን ጩኸት ማዳመጥ ነበር። ከዚያ ለእንድሪስ ደወልኩለትና 2001ን እገዛለሁ አልኩት። ወላሂ ለአንቺ ነበር ያሰብኳት አለኝ። ቀጥሎ፦ አባትሽን ያስቀመጠችውን ግዢ፣ አላህ ያግራልሽ።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ሃያ ደቂቃ ለነዳሁት ሞተር።

ከዚያ ሌላ ፍርሃት መጣ። ለአባባ ብዬ ነው የመረጥኩት? ወይስ ሞያሌን ስለፈራሁ አባባን አስቀደምኩ? ሁለቱ ከውጭ አንድ ይመስላሉ። ከውስጥም።

የሆነ ሆኖ ወሰንኩ። 2001። ሠንጠረዡን ቀደድኩ።

ጥቅምት 9፣ ጠዋት 2 ሰዓት

በስሜ ዞረች። ሊብሬ ላይ ስሜ ከሞተር ስም አጠገብ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ቤት ውስጥ ግን ጦርነት አለ። ሄልሜት። አባባ ጥምጣማቸውን ለማንም አያወልቁም፤ ሄልሜቱ ደግሞ ከጥምጣም በላይ አይገባም። ይህን ጥምጣም ያስጠመጠሙኝ መምህሬ ናቸው፣ ለፕላስቲክ አልፈታውም ይላሉ። እኔ በየሳምንቱ ጭንቅላት የምሰፋ ነኝ እላለሁ። እንግዲያው ሂጂና ስፊ ይላሉ። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። እራት ላይ ጨው አቀብዪኝ ብቻ።

ዛሬ ጠዋት ስነሣ ግቢው መካከል ቆመው አገኘኋቸው። ጥምጣሙን ፈትተው ወገባቸውና ዳሌያቸው ላይ አጥብቀው ጠምጥመውታል፤ እንደ መቀነት። ራሳቸው ላይ ሄልሜቱ። በመስኮቱ ውስጥ ዓይናቸው ብቻ።

«ዳሌዬንም ያዘልኝ» አሉ። «ምነው፣ ምን ታያለሽ? ስደርስ ቦታው እመልሰዋለሁ።»

ሐኪሙ ያላሰበው መደገፊያ። እኔም ያላሰብኩት። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ጫፉን አስተካከልኩላቸው፤ ሳቄን እንዳያዩ ነው።

ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ልምምድ። ገነተ ማርያም ደርሰን ተመለስን። አባባ ከኋላዬ፣ መቋሚያቸው በጎን ማሰሪያው ላይ ታስሮ ወደ ኋላ እንደ ጅራት ወጥቷል። ባጃጅ ነጂዎቹ ሲያዩን ጡሩንባ ነፉ።

«የኔታ፣ ፓይለት ሆኑ እንዴ!»

«አንተ አቧራዬን ጠጣ!» አሉት አባባ። መሪጌታ አባቴ። ሰው ሰማቸው።

ዳገቱ ላይ የሞተሯ ድምፅ ሲወፍር እሳቸውም ጀመሩ። ዜማ። በሄልሜቱ ውስጥ አይሰማም፤ ደረታቸው ጀርባዬን ነክቶ ስለነበር ግን በአጥንቴ ገባ። አልፈራሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ ዳገት ላይ ምንም አልፈራሁም።

ጥቅምት 18፣ ጠዋት 12፡30

አየሩ ጠርቷል። ቤንዚን ሙሉ፣ በነጠላ ያጠለልኩት። ጎማ ደህና። አባባ ከእኔ ቀድመው ተቀምጠዋል፣ ሞተሯ ገና ሳትነሣ። እንሂድ ይላሉ።

ጥቅምት 19፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ሥር፣ ቀትር

ደርሰናል! ትናንት ደርሰናል። አሁን ነው ቁጭ ያልኩት።

መንገዱን ልንገርሽ። ሁለት ቦታ ውኃ ተሻገርን፤ አንዱ ላይ ጫማዬ ሞላ። አንዱ ጠጠር ዳገት ላይ የኋላ ጎማ ተንሸራተተ፣ እግሬን አወጣሁ፣ ያዝኳት። ያዝሻት አሉ አባባ ከኋላ፣ እንደሚያርም መምህር። ከገብስና ከጤፍ መካከል ሰው ቀና ብሎ ያየናል፤ ሴቶች እልል አሉ። አይሱዙ ላይ ተጭነው የሚሄዱ ምእመናንን ቀደምናቸው። ሁለት ጊዜ አስቤ።

መንገዱ የሚያልቅበት ስንደርስ አባባ ራሳቸው ወረዱ። ሄልሜቱን ሰጡኝ፣ ጥምጣሙን ከወገባቸው ፈትተው ራሳቸው ላይ ጠመጠሙ፣ መቋሚያቸውን ከማሰሪያው ፈቱ። ከጽዱ ጫካ ሁለት ዲያቆናት ወርደው በክንዳቸው ያዟቸው። ቀስ እያሉ ወጡ። ማኅሌቱን ሲቆሙ እኔ ከዋሻው አፍ ነበርኩ። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የእሳቸውን ለየሁት። ከሁሉ ቀጭኑ ነው። አይሳሳትም።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ሞተሯን ሊያዩ ወረዱ። አባባ መካከላቸው ቆመው ትውልዷን እንደሚዘረዝር ሰው ያስረዳሉ። የሁለት ሺህ አንድ ሞዴል ናት አሉ። አዲሱንም አይተናል፣ ጋሸና፤ አልመረጥነውም። አልመረጥነውም! አንድ ቄስ አዲሱ አይሻልም ነበር ወይ አላቸው። አዲሱ ለሰው ዝቅ አይልም አሉ።

ከዚያ ወደ ጎን ጠሩኝ። በእጃቸው ጋቢዬን ያዙ፣ ሲከብዳቸው እንደሚያደርጉት። እዚህ ልቆይ ነው አሉ፣ እስከ ኅዳር ጽዮን። የደብሩ አስተዳዳሪ የትምህርት ጓደኛቸው ናቸው፤ ከመነሣታችን በፊት በስልክ ጨርሰውታል። የሚያበላ አለ፣ የሚደግፍ አለ፣ የማስተምረው አለ። ኅዳር 21 መጥተሽ ትወስጂኛለሽ።

ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው።

«ጋሸና ላይ ስወድቅ ፊትሽን አየሁት» አሉ። «ያዘንሽው ለእኔ ብቻ አልነበረም።»

መካድ ፈለግኩ። አባባ ሲዋሿቸው እንጂ ሲያውቁ አይቆጡም። ሳቅ አሉ።

«ልጄ፣ ለሽማግሌ ብለሽ ሞተር ገዛሽ። ደግ አደረግሽ። አሁን ሽማግሌው ወርዷል።»

ይህንን ብለው ሄዱ። በዲያቆኑ ክንድ፣ ዳገቱን።

እኔ ድንጋይ ላይ ነኝ። ፍርሃቴን ፈለግኩት፤ አለ፣ የት ይሄዳል። ግን ሌላም ነገር አብሮ አለ፣ ከእሱ የሚበልጥ። ሦስት ዓመት ያልነካሁት የዓመት ፈቃድ አለኝ። ሰኞ ጠዋት ቅጹን እሞላለሁ። ማክሰኞ ሞላ ዘንድ፣ መርፌዎቹን ራሴ ማንሣትና ማውረድ እስክችል ድረስ። ረቡዕ እነሣለሁ። መንገዱ ክፍት እስከሆነበት ድረስ፣ ከተቻለ እስከ መጨረሻው። በ2001። በየማታው እየነካካኋት።

ሞያሌ። ይኸው ወሰንኩ፣ በቀለም።

አባባ ከላይ፣ ከጽዱ መካከል ቆመው አየኋቸው። እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ነይ አይደለም። ሂጂ ነው። ቆሜ እጄን አነሣሁ፤ እሳቸው ግን አሁንም ያወዛውዛሉ፣ ሂጂ፣ ሂጂ፣ ሳልነሣ አይተዉኝም መሰለኝ፣ እሺ አባባ፣ ይኸው ቁልፉን ላዞር ነው።